ባሕር የማይለየው ጉርብትና

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።



ስለ ጎረቤት ሐቅ ከመስጊድ ሚንበርም ሆነ ከወላጆቻችን አንደበት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ወጥ ስንሠራ መረቁን አብዝተን ለጎረቤት እንድናካፍል፣ ጎረቤታችን ተርቦ እኛ ጠግበን እንዳናድር፣ እጃችንና ምላሳችን ሰውን እንዳይጎዳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ጎረቤት ሲባል ግን አብዛኞቻችን የምናስበው አጥር የሚጋራንን፣ ቡና የምንጠራራውን፣ ሲታመም የምንጠይቀውን ሰው ነው። ስሙን የማናውቀው፣ ቋንቋውን የማንሰማው፣ በመካከላችን ባሕርና በረሃ ያለበት ሰው ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል ወይ? የእኛ ምድጃ የእርሱን ዛፍ፣ የእርሱ ሰማይ ደግሞ የእኛን ማሳ ሊነካ ይችላል ወይ? ዛሬ በአላህ ፈቃድ ይህን ጥያቄ እናነሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሂጅራ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

የመዲና እህልና የሐበሻ ክረምት

ከታሪካችን እንጀምር። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸሊፋው በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን፣ ሒጃዝን ከባድ ድርቅ መታው። ምድሪቱ ደርቃ አመድ ከመምሰሏ የተነሳ ያ ዓመት «ዓመል ረማዳ»፣ ማለትም የአመድ ዓመት ተባለ። መዲና በራሷ አዝመራ ብቻ መኖር እንደማትችል በግልጽ ታየ። ከዚያ በኋላ ግብፅ በሙስሊሞች እጅ ስትገባ፣ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በኸሊፋው ትእዛዝ ናይልን ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኝ የነበረውን ጥንታዊ ቦይ ደለሉን አስጠረጉ። የግብፅ እህል በዚያ ቦይ እየወረደ፣ በመርከብ ተጭኖ ለመዲና ቅርብ ወደ ሆነው ወደ ጃር ወደብ ይደርስ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የግብፅ ማሳ የሚለማው በራሱ ዝናብ ሳይሆን በናይል ሙላት ነበር። የሙላቱ አብዛኛው ውኃና ማሳውን ያዳበረው አፈር የሚመጣው ደግሞ ከሐበሻ ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ ዓባይና ተከዜ ይዘውት ይወርዳሉ። እንግዲህ በመዲና ቤቶች በተጋገረው በዚያ ዳቦ ውስጥ በአገራችን ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናብ ነበረበት። ዳቦውን የጋገረችው እናት የእኛን ደመና አይታ አታውቅም። የደጋው ገበሬም ከማሳው የታጠበው አፈር የሶሓባ ልጆችን እንደመገበ አልሰማም። ሳይተዋወቁ ግን ተጎራብተው ነበር።

እኚሁ ኸሊፋ መዲና ተቀምጠው ሳለ፣ በሩቁ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳርቻ አንዲት በግ ጠፍታ ብትሞት አላህ ይጠይቀኛል ብለው ይሰጉ እንደነበር ይተረክላቸዋል። ቦታው ሩቅ ስለሆነ ኃላፊነቱ ይቀልልኛል አላሉም።

ከሐውድ እስከ ጂዳ

አሁን የምንነግራችሁ ስለ ሌላ በግ ነው። ይቺኛዋ የምትነሳው ከእኛው አገር ነው። በሶማሌ ክልል ከጅግጅጋ ወዲያ የሚዘረጋው፣ ድንበር ተሻግሮም ወደ ሶማሌላንድ የሚዘልቀው ሰፊ የግጦሽ ምድር ሐውድ ይባላል። አርብቶ አደሩ ሰውነቱ ነጭ፣ ራሱ ጥቁር የሆነውን በግ ያረባል። በጉ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ በርበራ ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያም በመርከብ ተሻግሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ይገባል። የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ፍላጎቱ ይጨምራል። በ1997 በበርበራ በኩል ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ በግና ፍየል ተጭኗል። አርብቶ አደሩ በዚያ ገንዘብ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ስኳርና ልብስ ይገዛል። ቢርካ የሚባለውን፣ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያም ያስቆፍራል።

በዚያው በ1997 ግን እጅግ ሩቅ በሆነው በሰላማዊ ውቅያኖስ የባሕሩ ውኃ ከልኩ በላይ ሞቀ። ባለሙያዎች ኤልኒኞ የሚሉት ይህን ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍልም ሞቀ። በዚህ ሳቢያ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያና በደቡብ ሶማሊያ ያልተለመደ ዝናብ ወርዶ ሜዳው ረግረግ ሆነ። በደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት የቆዩ የቢምቢ እንቁላሎች ተፈለፈሉ። ከእነርሱም ጋር የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ተነሳ። ይህ በሽታ እርጉዝ በጎችን በጅምላ ያስወርዳል፤ ግልገሎችን ይፈጃል። በቢምቢ ንክሻና በታመመ እንስሳ ደም አማካይነትም ወደ ሰው ይተላለፋል።

በፌብሩዋሪ 1998 ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳት እንዳይገቡ አገደች፤ በቀጣዩ ዓመት እገዳውን አነሳች። በሴፕቴምበር 2000 ግን በሽታው በሳዑዲ የጂዛን ግዛትና በየመን ተገኘ። ከአፍሪካ ውጪ መከሰቱ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሁለቱ አገሮች ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቫይረሱ ሲመረመር ቀደም ሲል በምሥራቅ አፍሪካ ከተነሳው ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ታወቀ። እገዳው ተመልሶ ተጣለ፤ በሶማሊያ እንስሳት ላይም እስከ 2009 መጨረሻ ዘለቀ።

ውድ አድማጮች፣ እዚህ ላይ ማንን እንወቅሳለን? የሳዑዲ ባለሥልጣናት የሕዝባቸውን ነፍስ የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። የታመመ ግመል ከጤነኛው ጋር እንዳይቀላቀል ያዘዙት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። የሐውድ አርብቶ አደርም ዝናቡን አላዘነበውም፤ ቢምቢውንም አልፈለፈለውም። ሆኖም የበጉ ዋጋ ወደቀበት። ስኳሩና ዱቄቱ ግን አልረከሰለትም። ልጆቹን ምን ያብላቸው?

ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዞሩ። ጋሎል የሚባለው የግራር ዓይነት ለሐውድና ለአካባቢው ሕዝብ ትልቅ ሀብት ነው። ጥላው ከብቱን ያሳርፋል፤ ፍሬውን ፍየል ይበላዋል፤ ልጡ ገመድ ይሆናል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ያ ዛፍ ተቆርጦ ከሰል ሆነ። ከሰሉ ወደ ከተሞች ሄደ፤ ባሕር ተሻግሮም ተሸጠ። ከሰል የማክሰሉ ሥራ እንዲስፋፋ ያደረገው የእንስሳት እገዳው ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትና ድርቅም ነበሩበት። እገዳው ግን አንዱ ምክንያት ነበር።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በከሰል የተጠበሰ ሥጋ ይወደዳል፤ ለቡኹርና ለሺሻም ከሰል ይፈለጋል። እንደ ሳዑዲ ያሉ አገሮች የገዛ ዛፎቻቸው እንዳይቆረጡ በሕግ ይጠብቃሉ፤ ይህም መልካም ነው። ፍላጎቱ ግን አልጠፋም፤ መጥረቢያው ባሕሩን ተሻገረ እንጂ። በደቡብ ሶማሊያ የከሰል ንግድ ለታጣቂዎች የገቢ ምንጭ እስከ መሆን ስለደረሰ፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2012 ማንም አገር የሶማሊያን ከሰል እንዳይገዛ ከለከለ። ይህም ሆኖ ከ2011 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ለከሰል ሲባል 8.2 ሚሊዮን ዛፎች እንደተቆረጡ የተባበሩት መንግሥታት ገምቷል። ዛፍ በሌለበት ምድር ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ሲቀር ደግሞ ለከብቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱን መልሰን እንየው። ከሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ወደ ኬንያ ዝናብ፣ ከዝናቡ ወደ ቢምቢ፣ ከቢምቢ ወደ በግ፣ ከበጉ ወደ ጂዛን ሕሙማን፣ ከእነርሱ ወደ ወደብ እገዳ፣ ከእገዳው ወደ አርብቶ አደሩ ጎጆ፣ ከጎጆው ወደ ግራሩ ዛፍ፣ ከዛፉም ተመልሶ ወደ ባሕር ማዶው ምድጃ ይሄዳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያየው ከጎኑ ያለችውን አንዲት ቀለበት ብቻ ነው።

ከባዶው በረሃ የመጣው መንጋ

ጉዳቱ የሚጓዘው ከእኛ ወደ ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። ከማዶ ወደ እኛም ይመጣል። በሳዑዲ፣ በዖማንና በየመን መካከል ያለው ታላቁ የአሸዋ በረሃ ሩብዕ አል-ኻሊ ይባላል። በሜይ 2018 መኩኑ፣ በኦክቶበር ደግሞ ሉባን የተባሉ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስተው በዚህ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ። አሸዋው አረንጓዴ ለበሰ። የበረሃ አንበጣ ሰው በማይደርስበት በዚያ ስፍራ፣ ማንም ሳያየው ትውልድ በትውልድ ላይ እየጨመረ ተራባ።

መንጋው ወደ የመን ሲወርድ አገሪቱ በጦርነት ላይ ነበረች። በሰላሙ ጊዜ አንበጣ ሲታይ ወጥተው የሚረጩት ባለሙያዎች እንደልባቸው መንቀሳቀስ አልቻሉም። በዚህም ምክንያት መንጋው በ2019 ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በዓመቱ መጨረሻም ኬንያ ደረሰ። ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመታት፣ ለኬንያ ደግሞ በ70 ዓመታት ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋ ነበር። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖረው ይችላል፤ በአንድ ቀንም የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። በጃንዋሪ 2020 አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በአንበጣው ምክንያት ድሬዳዋ ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ እንዲያርፍ ተገዷል። በዚያው ዓመት መኸር ላይ በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ያሉ ገበሬዎች የደረሰ ማሽላቸውንና ጤፋቸውን በጅራፍ፣ በጩኸትና በቆርቆሮ ድምፅ ለመከላከል ሲታገሉ አይተናል።

የሐረርጌና የወሎ ገበሬ የየመንን ጦርነት አልቀሰቀሰም። የሕንድ ውቅያኖስ እየሞቀ መምጣቱ ዐውሎ ነፋሶችን እንደሚያበረታ ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ውቅያኖሱን ከሚያሞቀው የፋብሪካና የመኪና ጭስ የዚህ ገበሬ ድርሻ ኢምንት ነው። የሰው እጅ ሥራ በየብስና በባሕር ላይ ብልሽትን እንደሚያመጣ በሱረቱ ሩም ተነግሮናል። ብልሽቱ ሁልጊዜ አጥፊው ደጅ ላይ እንደማይቆም ደግሞ ይኸው በዓይናችን አየን።

በሣር ነዶ ውስጥ የተጫነ ውኃ

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1980ዎቹ በበረሃዋ ስንዴ ማምረት በሰፊው ጀመረች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምርቱ በዓመት ከ4 ሚሊዮን ቶን አልፎ ወደ ውጪ እስከ መሸጥ ደረሰች። ውኃው ግን ከዝናብ የሚተካ አልነበረም። በብዙ ሺህ ዓመታት ከመሬት በታች የተጠራቀመ የጥንት ውኃ ነበር። እያለቀ መሆኑ ሲታወቅ መንግሥት በ2008 የአገር ውስጥ ስንዴ ግዢውን ደረጃ በደረጃ ለማቆም ወሰነ፤ በ2016ም አቆመ። ቀጥሎም ውኃ የሚጠጣው የከብት መኖ ሣር እንዲቀንስ ተደረገ።

የራስን ውኃ ማዳን ብልህነት ነው። ላሞቹ ግን መኖ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ትልቅ የሳዑዲ የወተት ኩባንያ በ2014 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በረሃ ውስጥ ወደ 4,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ገዛ። አልፋልፋ የሚባለውን ሣር በከርሰ ምድር ውኃ እያለማ፣ በነዶ አስሮ በመርከብ ወደ ዓረቢያ ይጭን ጀመር። በአካባቢው የነበሩ የአሪዞና ነዋሪዎች የጉድጓዳቸው ውኃ እየራቀ መሄዱን ተናገሩ። የግዛቲቱ ሕግ በዚያ አካባቢ ለሚወጣ ውኃ ገደብ አላበጀለትም ነበር፤ ስለዚህ ኩባንያው ሕግ አልጣሰም፤ የአገሩ ገበሬዎችም ያንኑ ያደርጉ ነበር። ይሁን እንጂ በኦክቶበር 2023 የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ከመንግሥት መሬት ኪራይ ውሎቹ አንዱ እንዲቋረጥ፣ ሌሎቹም እንዳይታደሱ ወሰኑ።

በሪያድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባለው የወተት ብርጭቆ ውስጥ የአሪዞና ጉድጓድ ውኃ አለበት ማለት ነው። ውኃው በቧንቧ አልሄደም፤ ሣር ሆኖ ሄደ እንጂ። አንድ አገር የራሱን ምድር ሲያሳርፍ ድካሙን ለሌላው ምድር አሸክሞት ሊሆን ይችላል። ይህ በሳዑዲ ብቻ የሚታይ አይደለም። ባለጸጋ አገሮች ሁሉ በሚበሉትና በሚለብሱት ውስጥ የሌላውን ውኃና አፈር ያስመጣሉ።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ መርከብ ስለተሳፈሩ ሰዎች የተናገሩትን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። ከታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ እየወጡ ላለማስቸገር ሲሉ በራሳቸው ድርሻ ላይ ቀዳዳ ለመክፈት አሰቡ። ክፋት አላሰቡም፤ የነኩትም የራሳቸውን ክፍል ነው። ባይከለከሉ ኖሮ ግን ሁሉም በሰመጡ ነበር። ያየናቸው ታሪኮች ሁሉ ከዚህ ምሳሌ ጋር ይገጥማሉ። አብዛኛው ጉዳት የመጣው ሰዎች በራሳቸው ድርሻ ላይ ብቻ ያሉ እየመሰላቸው በሠሩት ሥራ ነው።

መልካም ነገርም እንዲሁ ሩቅ ይጓዛል። ቀድሞ በሚና ብዙ የሐጅ እርድ ሥጋ ይበላሽ ነበር። ከ1983 ጀምሮ ግን በእስላማዊ ልማት ባንክ መሪነት በተጀመረ ፕሮጀክት ሥጋው ተጠብቆ በእስያና በአፍሪካ ላሉ ድሆች ይላካል። የእንስሳት ንግዱም በጅቡቲና በበርበራ ማቆያ ጣቢያዎች ተሠርተው፣ እንስሳቱ ተመርምረው እንዲጫኑ ስለተደረገ እንደገና ተከፍቷል። ሰው በጤናው፣ አርብቶ አደሩ በኑሮው ሳይጎዳ የሚኖርበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ከ1962 ጀምሮ አገሮችን አስተባብሮ ይሠራል። የአንዱ አገር ወሬ ለሌላው በጊዜ ሲደርስ መንጋው ክንፍ ሳያወጣ ይያዛል።

በየቤታችን ደግሞ የሚከተሉትን እናድርግ።

አንደኛ፣ ከሰልን እንቆጥብ። እሳት የሚይዝ የተሻሻለ ምድጃ እንጠቀም፤ ቡናው ከወረደ በኋላ የተረፈውን ፍም እናጥፋውና ለነገ እናቆየው። በባሕረ ሰላጤው ላሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ስንደውልም ይህን እናንሳላቸው። የሚገዙት ከሰል ከየትኛው ምድር እንደመጣ ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ለኡድሒያ ሕመሙ ግልጽ የሆነ እንስሳ እንደማይበቃ እናውቃለን። ይህ የኢባዳው ሐቅ ነው፤ የጤናችንም ጥበቃ ነው። በመንጋው ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ በጎች ካስወረዱ ለእንስሳት ሐኪም እንናገር። የሞተውን ግልገል በባዶ እጅ አንንካ፤ ወተቱንም ሳናፈላ አንጠጣ። በሽታ ደብቆ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያታልለው ገዢውን ብቻ አይደለም። የአንድ አካባቢ ሕዝብ ሁሉ ገበያ እንዲዘጋበት ምክንያት ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛ፣ አንበጣ መብላት የተፈቀደ ነው። በመድኃኒት ከተረጨ መንጋ የተለቀመ ግን ይጎዳልና አይበላ፤ ለዶሮም አይሰጥ።

አራተኛ፣ በምግብና በውኃ ኢስራፍን እንተው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ በሚገመት ውኃ ነበር። በኢፍጣር ማዕድ ላይ ተርፎ የሚደፋው ምግብ የበቀለበት ውኃና አፈር አለው። የማን ውኃ እንደሆነ ባናውቅም የአንድ ሰው ነው።

አምስተኛ፣ አርብቶ አደሩ ወይም ገበሬው ለተቸገረበት ምክንያት ለመፍረድ አንቸኩል። ዛፍ የሚቆርጠውን ስናይ «ይህ ሰው ምን ገበያ ተዘግቶበት ይሆን?» ብለን እንጠይቅ። ዘካና ሰደቃችን ሲደርሰው ዛፉም አብሮ ይተርፋል። አንድ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ተምረናል። ተካዩ የበላውን ወፍ ማወቅ አይጠበቅበትም። ምንዳው ሩቅ ካለ ከማናውቀው የሚመጣ ከሆነ፣ ተጠያቂነቱም ከማናውቀው ሊመጣ እንደሚችል እንፍራ።

አላህ (ሱ.ወ) ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን አቁሟል፤ በሚዛኑም እንዳንተላለፍ አዞናል። ያ ሚዛን በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ አገር የሚያበቃ አይደለም።

ያ አላህ! የምናውቀውንም የማናውቀውንም ጎረቤት ሐቅ ከሚጠብቁት አድርገን። ለሐውድ ግጦሽ፣ ለወሎና ለሐረርጌ ማሳ፣ ለየመን ሕዝብ ራሕመትህን አውርድ። ዝናባችንን የእዝነት እንጂ የጥፋት አታድርገው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።